ደብረ ማርቆስ ላይ የሚቆራረጠውን መስመር በትሬስራውት መከታተል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው የተያዘው ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ የሥልጠና ተቋም ነው። ዋናው ግቢ መሀል ከተማ ነው፤ የፋይበር መስመሩ የገባው እዚያ ሲሆን ፍጥነቱ 20 ሜጋ ቢት፣ አይፒ አድራሻው ቋሚ ነው። ሁለተኛው ግቢ በደምበጫ መውጫ በኩል 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዋናው ጋር የሚያገናኙት ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የ5.8 ጊጋ ኸርዝ ሬዲዮዎች ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ይላል፤ ዘርዘር አድርጎ ሲጠየቅ ግን ቅሬታው አንድ አይደለም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ የቪዲዮ ስብሰባ ይንተባተባል። ሁለተኛው ግቢ አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ይጠፋል። አንዳንድ ድረ ገጽ መከፈት ይጀምርና ነጭ ሆኖ ይቀራል። የማታ ተማሪዎች ደግሞ ከውጭ አገር የሚያወርዱት ፋይል አይንቀሳቀስም ይላሉ። ሁሉም በመስመር ሰጪው ሲሳበብ ከርሟል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማንንም ከመክሰስ በፊት መንገዱን ከደጃችን ጀምሮ በትሬስራውት፣ ማለትም መረጃ የሚያልፍባቸውን መሣሪያዎች በተራ በሚዘረዝር ፕሮግራም፣ መለካት ሆነ።

ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሠራተኛ ሳይገባ

መለኪያው ላፕቶፕ በኬብል በቀጥታ ራውተሩ (ግቢውን ከውጭው መስመር ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ላይ ተሰካ። በዋይፋይ መለካት አያዋጣም፤ ዋይፋዩ ራሱ ስለሚዋዥቅ የሌላውን ችግር ይሸፍናል። ቀጥሎ ሰዓት ተመሳከረ። የራውተሩ መዝገብ የዓለም አቀፉን ሰዓት ይዞ ተገኘ። እኛ ጠዋት 4 ሰዓት የምንለው ላፕቶፑ ላይ 10:00፣ ራውተሩ ላይ 07:00 ነው። ይህ ሳይስተካከል «4 ሰዓት ላይ ጠፋ» የሚለውን ቅሬታ ከራውተሩ መዝገብ ጋር ማገናኘት አይቻልም። የሰዓት ቀጠናው ወደ +3 ተለወጠ።

ትሬስራውት የሚሠራው እንዲህ ነው። ማንኛውም ፓኬት (በመስመር የሚላክ ቁራጭ መረጃ) ስንት ራውተር ማለፍ እንደተፈቀደለት የሚናገር ቁጥር ይዞ ይነሳል፤ ቲ-ቲ-ኤል ይሉታል። ያገኘው ራውተር ሁሉ አንድ አንድ ይቀንስለታል። ዜሮ ሲደርስ ራውተሩ ፓኬቱን ጥሎ «ጊዜው አልቋል» የሚል የአይ-ሲ-ኤም-ፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎች ስሕተት የሚነጋገሩበት ስምምነት) መልእክት ለላኪው ይመልሳል። ትሬስራውት ይህን ቁጥር ሆን ብሎ ከ1 ጀምሮ እያሳደገ ይልካል፤ በዚህም በየተራው የሚመልሱትን ራውተሮች አድራሻ ይሰበስባል፤ እያንዳንዱ ተራ «ሆፕ» ይባላል። ፕሮግራሙን በ1987 የጻፈው ቫን ጃኮብሰን ነው። የሊኑክሱ ከ33434 ፖርት ጀምሮ የዩ-ዲ-ፒ ፓኬት ይልካል፤ የዊንዶውሱ ትሬሰርት ግን ልክ እንደ ፒንግ («አለህ?» ብሎ መልስ እንደሚጠብቀው ፕሮግራም) ይጠይቃል። መንገድ ላይ ያለ ፋየርዎል አንዱን አሳልፎ ሌላውን ሊያግድ ስለሚችል ሁለቱ ከአንድ ቦታ ተነስተው የተለያየ ነገር ቢያሳዩ አይደንቅም።

ዊንዶውስ ላይ «ሰረዝ ዲ»፣ ሊኑክስ ላይ «ሰረዝ ኤን» ሁልጊዜ ይጨመር። አለዚያ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን አድራሻ ስም ሲጠይቅ ይቆማል፤ የስም ፍለጋው መጓተትም የመስመር መጓተት መስሎ ይታያል። ደግሞም ተራው ትሬስራውት ለአንድ ሆፕ የሚልከው 3 ፓኬት ብቻ ስለሆነ በሱ ብቻ አይፈረድም። እኛ የተጠቀምነው ትሬስራውትንና ፒንግን አጣምሮ የሚደጋግመውን ኤም-ቲ-አር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሆፕ 100 እንዲልክ ተደረገ። ዊንዶውስ ብቻ ላለው ፓዝፒንግ የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም አለ፤ ለአንድ ሆፕ 25 ሰከንድ ስለሚወስድ ትዕግሥት ይጠይቃል።

መድረሻው ውጭ አገር ያለው የተቋሙ የኢሜይል አገልጋይ ሆነ። 8.8.8.8 ለፈጣን ፍተሻ ይበቃል፤ ነገር ግን ያ አድራሻ በብዙ አገር ባሉ ማሽኖች በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ ዛሬና ነገ ከአንድ ቦታ ላይመልስ ይችላል። ለንጽጽር ቦታው የማይለወጥ መድረሻ ይሻላል። ከታች ከራሳችን ራውተር በስተቀር ያሉት አድራሻዎች ለምሳሌ በተመደቡ ቁጥሮች ተተክተዋል። ከአድራሻው ቀጥሎ ያለው የጠፋው በመቶኛ፣ የመጨረሻው አማካይ ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ነው።

1 — 192.168.10.1 — 0% — 0.6
2 — 203.0.113.1 — 0% — 4.1
3 — 203.0.113.9 — 0% — 4.8
4 — * — 100% — የለም
5 — 203.0.113.41 — 62% — 9.7
6 — 203.0.113.77 — 0% — 9.9
7 — 198.51.100.14 — 0% — 118
8 — 198.51.100.80 — 0% — 126

ይህን ያየ ሰው ሁሉ ጣቱን 4ኛውና 5ኛው ላይ ይቀስራል። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ዝርዝሩ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ መድረሻው 0% ከሆነ መሀል ላይ ያለ ኮከብም ሆነ 62% መጥፋት የመስመር ብልሽት አይደለም። ራውተር ፓኬት ሲያሳልፍ ለዚያ በተሠራ ቺፕ በፍጥነት ያሳልፋል። «ጊዜው አልቋል» ብሎ መመለስ ግን የዋና ፕሮሰሰሩ ሥራ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ በሰከንድ የሚሰጡትን መልስ ይገድባሉ፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ አይመልሱም። እውነተኛ መጥፋት ከጀመረበት ሆፕ አንስቶ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል።

ከ6 ወደ 7 ጊዜው ከ9.9 ወደ 118 መዝለሉም ጤነኛ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ደርሶ መልስ ሲሰላ ለ100 ኪሎ ሜትር 1 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከ3 ሚሊ ሰከንድ በታች አይጠበቅም። ፋይበሩ ሲጠማዘዝና መሣሪያዎቹ ሲታከሉ 10 ቢሆን ተገቢ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዝላይ ጎረቤት አገር አቋርጦ በባሕር ውስጥ የሚያልፈው ኬብል ነው። በዚህ ርቀት ላይ «ፒንጋችን 126 ነው» ብሎ መክሰስ ፍሬ የለውም።

ይህ ዝርዝር «ጤነኛ» ተብሎ ከነሰዓቱ ተቀመጠ። የበሽታው ውጤት የሚመዘነው ከዚህ ጋር ነው፤ ጤነኛ መለኪያ ያልያዘ ሰው ችግር በመጣ ጊዜ የትኛው ቁጥር አዲስ እንደሆነ አያውቅም።

ሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል

ስብሰባው መንተባተብ ጀመረ፤ ያው ትእዛዝ ተደገመ። ሆፕ 1 አሁንም 0.6 ነው። ሆፕ 2 ከ4.1 ወደ 610 ወጣ፣ ሆፕ 3 ወደ 612፣ መድረሻው ወደ 735። የጠፋው 3%። መዘግየቱ ሆፕ 2 ላይ ተወልዶ ከኋላው ያሉት ሁሉ ወርሰውታል፤ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ አንድ የተጫነ ከባድ መኪና ከፊት ከገባ የኋለኞቹ ሁሉ በሱ ፍጥነት እንደሚሄዱት።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሆፕ 2 የመስመር ሰጪው ራውተር ስለሆነ ጥፋቱ የሱ ይመስላል። ነገር ግን በሆፕ 1 እና 2 መካከል ያለው መስመር የጋራችን ነው፤ ወደዚያ የሚወጣውን የምናጭቀው እኛ ነን። ለማረጋገጥ የስዊቹ (የግቢውን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው ሳጥን) ኬብል ከራውተሩ ተነቅሎ ላፕቶፑ ብቻውን ቀረ። ሆፕ 2 ወዲያው ወደ 4 ተመለሰ። ስለዚህ መስመሩ አልታመመም፤ ሞልቷል።

ኬብሉ ተመልሶ ተሰካና የራውተሩ የትራፊክ ሰንጠረዥ ታየ። ወደ ላይ የሚጫነው 20 ሜጋ ቢት ግጥም ብሏል። አንደኛው ምንጭ የደኅንነት ካሜራው መቅረጫ ነው፤ ያለፈውን ቀን ቪዲዮ ወደ ውጭ ማከማቻ የሚልከው በ10:00 እንዲሆን ተደርጎ ተገኘ። ያዘጋጀው ሰው ማታ 4 ሰዓትን አስቦ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው ግን የሚያውቀው የራሱን አቆጣጠር ነው። ወደ 22:00 ተዛወረ። ሁለተኛው ምንጭ ሠራተኛው ሲገባ ፎቶ መጫን የሚጀምሩት ስልኮች ናቸው።

ምንጩን ማስታገስ ብቻውን አይበቃም፤ ነገ ሌላ ይመጣል። የተንተባተበው ፓኬት ስለጠፋ ሳይሆን፣ ከራውተሩ ቀጥሎ ባለው የፋይበር መቀበያ ሳጥን ውስጥ የተሰለፈው ወረፋ እጅግ ስለረዘመ ነው። በ20 ሜጋ ቢት ፍጥነት 600 ሚሊ ሰከንድ ማለት 1.5 ሜጋ ባይት ተራ ይጠብቃል ማለት ነው። መድኃኒቱ ወረፋውን እኛ ወደምናዝበት ራውተር መሳብ ነው። መውጫውም መግቢያውም በ18 ሜጋ ቢት ማለትም በ90% ተገደበ፤ የወረፋው ዓይነት ደግሞ ኤፍ-ኪው-ኮደል ተደረገ። ይህ ዓይነት ወረፋ ትንንሽ የድምፅ ፓኬቶችን ከትልቅ ፋይል ኋላ አያስቆምም። 2 ሜጋ ቢት መተው ለአንዳንዱ ብክነት መስሎ ታይቶታል፤ ግን ገደቡ ከመስመሩ ፍጥነት ጋር እኩል ከሆነ ወረፋው ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። መስመሩ ሆን ተብሎ ተሞልቶ ሲለካ ሆፕ 2 ከ22 ሚሊ ሰከንድ አላለፈም።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ግቢ

ከሁለተኛው ግቢ የተሠራው ትሬስራውት መጀመሪያ የሚያሳየው 192.168.10.1ን ነው፤ በመካከል ያሉት ሁለት ሬዲዮዎችና ሦስት ስዊቾች አይታዩም። ትሬስራውት የሚቆጥረው ቲ-ቲ-ኤል የሚቀንሰውን መሣሪያ ብቻ ነው። ስዊችና ድልድይ ሆነው የሚሠሩ ሬዲዮዎች አይቀንሱም፤ እነሱ ውስጥ ያለ ብልሽት የሚታየው የሆፕ 1 ብልሽት ሆኖ ነው። ስለዚህ ለሬዲዮዎቹ የራሳቸው የማስተዳደሪያ አድራሻ ተሰጣቸው፤ የዋናው ግቢ 192.168.10.2፣ የዚህኛው 192.168.10.3። ሦስቱም አድራሻዎች ከሁለተኛው ግቢ ላፕቶፕ በአንድ ጊዜ፣ በየሰከንዱ ፒንግ ይደረጉ ጀመር።

የግቢው ጥበቃ ቀድመው ነገሩን ነግረውን ነበር፦ «ነፋስ ሲበረታ ነው የሚጠፋው፤ ዝናብማ ምንም አያደርገው።» ትክክል ናቸው። 5.8 ጊጋ ኸርዝ ላይ ዝናብ በ3 ኪሎ ሜትር ርቀት እዚህ ግባ የሚባል ጉዳት የለውም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ 10.3 ያለማቋረጥ መለሰ፤ 10.2 እና 10.1 ግን በአንድ ላይ ጠፉ። ችግሩ በአየር ላይ ነው። የሬዲዮው ጥንካሬ ጠዋት -58 ዲ-ቢ-ኤም (ቁጥሩ ከዜሮ በራቀ መጠን ምልክቱ ይደክማል) የነበረው በነፋሱ ሰዓት እስከ -81 ይወርዳል።

ከምሰሶው ሥር ሆኖ በመነጽር ሲታይ ከግቢው 400 ሜትር ላይ የባሕር ዛፍ ተክል አለ። ሬዲዮው ሲተከል ከመስመሩ በታች የነበረ ነው፤ አሁን ጫፉ ደርሷል። ዐይን ለዐይን መተያየት ብቻውን በቂ አይደለም። በሁለቱ አንቴናዎች መካከል የፍሬስኔል ክልል የሚባል፣ መሀሉ የሰፋ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ቦታ አለ፤ ቢያንስ 60% ነጻ መሆን አለበት። ስሌቱ 17.32 ሲባዛ በካሬ ሥር ነው፤ ከሥሩ ውስጥ የሚገባው፣ ከእንቅፋቱ ወደ ሁለቱ ጫፎች ያሉት ርቀቶች በኪሎ ሜትር ተባዝተው፣ ለጠቅላላ ርቀትና ለጊጋ ኸርዙ ብዜት ሲካፈሉ ነው። 0.4 እና 2.6 ተባዝተው ለ3 ሲባዛ 5.8 ሲካፈሉ የክልሉ ራዲየስ 4.2 ሜትር፣ 60%ው 2.5 ሜትር ይሆናል። ማለትም የዛፉ ጫፍ ከመስመሩ ቢያንስ 2.5 ሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

ዛፉን አስቆርጡ ያሉ ነበሩ። ባሕር ዛፍ ለባለቤቱ ገንዘብ ነው፣ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ምሰሶውን ማሳደግ ተመረጠ። በነበረው ላይ ባለ 2 ኢንች የብረት ቱቦ ሙሉ ርዝመቱ 6 ሜትር ተቀጠለ። 6 ሜትር እዚህ ጫፍ ላይ ሲጨመር ዛፉ ባለበት 400 ሜትር ላይ መስመሩ ከፍ የሚለው 5.2 ሜትር ነው፤ ከ2.5 በላይ ያለው ለዛፉ እድገትና መወዛወዝ ይቀመጣል። ማጠንከሪያ ሽቦው በሁለት ከፍታ፣ በየከፍታው በሦስት አቅጣጫ ተወጠረ። እንዲህ ያለ ቀጭን ቱቦ ሽቦ ሳይወጠርለት ከቆመ ራሱ እየተወዛወዘ አንቴናውን ከአቅጣጫ ያወጣዋል።

ሬዲዮው ሲወርድ ሌላም ነገር ተገኘ። ኬብሉ 1,000 መሆን ሲገባው በ100 ሜጋ ቢት ተደራድሯል (ሁለቱ ጫፎች የተስማሙበት ፍጥነት ማለት ነው)፤ የፖርቱ የስሕተት ቆጣሪም እየጨመረ ነው። የአርጄ 45 ጫፉ ሲከፈት ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። ኬብሉ ከላይ ቀጥ ብሎ ፖርቱ ውስጥ ስለገባ ውኃው ኬብሉን ተከትሎ ወርዷል። ደግሞም የቤት ውስጥ ግራጫ ኬብል ነበር፤ በፀሐይ ተሰንጥቋል። በጥቁር የውጭ ኬብል ተተካ፣ ከፖርቱ በታች ውኃ የሚያንጠባጥብ ዙር ተተወለት። ጫፉ የተመታው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። ጥምሩ ሲፈታ ከ13 ሚሊ ሜትር አይለፍ። 100 ሜጋ ቢት የሚጠቀመው 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ብቻ ስለሆነ ቡኒው ወይም ሰማያዊው ጥንድ ቢበጠስም መስመሩ «ይሠራል»፤ ዝም ብሎ ፍጥነቱ ይወድቃል። ስለዚህ መብራቱ መብራቱን ብቻ አይቶ መሄድ ልክ አይደለም፤ የተደራደረበት ፍጥነት ይነበብ።

ረቡዕ፣ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ገጽ

ትሬስራውቱ ንጹሕ፣ ፒንጉ ንጹሕ፣ ገጹ ግን አይከፈትም። የትሬስራውት ፓኬት ትንሽ ነው፤ ትልቁ መንገድ ላይ ቢቀር እሱ አያውቅም። ስለዚህ ትልቅ ተላከ። ዊንዶውስ ላይ ፒንግ ከ«ሰረዝ ኤፍ» እና ከ«ሰረዝ ኤል 1472» ጋር ማለት «ሳትቆርስ 1472 ባይት ላክ» ማለት ነው፤ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመር 1500 ይሆናል። መልስ የለም። 1464 ላይ ግን መለሰ፤ ከ28 ጋር 1492። ይህ ቁጥር ሲታይ ወዲያው ይታወቃል፤ ፒ-ፒ-ፒ-ኦ-ኢ (መስመር ሰጪው ደንበኛውን የሚያስገባበት ዘዴ) 8 ባይት ለራሱ ይወስዳል።

ፓኬቱ ከመጠን ሲያልፍ ራውተሩ «አሳንስ» የሚል መልእክት መመለስ ነበረበት፤ እኛ ያገኘነው ዝምታ ነው። ራውተራችን ላይ ከፒንግና ከትሬስራውት መልስ በቀር ሌላውን አይ-ሲ-ኤም-ፒ የሚያግድ ሕግ ተገኘ፤ ለደኅንነት ተብሎ የገባ ነው። ዓይነት 3 ኮድ 4 («አሳንስ») እና ዓይነት 11 («ጊዜው አልቋል») ማለፍ አለባቸው፤ የታገደው ተፈቀደ። ነገር ግን የሩቁ አገልጋይም ደጃፉ ላይ ያንኑ ካገደ የኛ መፍቀድ አይጠቅመውም። ለዚህ ራውተሩ በሚያልፍ የቲሲፒ (ገጽና ፋይል የሚጓዝበት ስምምነት) ግንኙነት ሁሉ ላይ ኤም-ኤስ-ኤስን፣ ማለትም በአንድ ፓኬት የሚጫነውን ከፍተኛ የመረጃ መጠን፣ ወደ 1452 እንዲያወርድ ታዘዘ፤ ይህም 1492 ሲቀነስ 40 ነው። ሁለቱ ወገኖች ከጅምሩ በትንሽ መጠን ስለሚስማሙ ማንም «አሳንስ» ማለት አይጠበቅበትም። የተባሉት ገጾች ሁሉ ተከፈቱ።

ሐሙስ፣ ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት

በግቢያችን ያለው ከጸዳ በኋላ የቀረው የማታዎቹ ቅሬታ ነው። ቀን የተገኘው መለኪያ ከሰኞው ጤነኛ ጋር ይመሳሰላል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ግን ሆፕ 2 በ4 ሚሊ ሰከንድ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሆፕ 3 ወደ 46 ወጣ፤ 2% መጥፋትም ከዚያ ጀምሮ እስከ መድረሻው ዘለቀ። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የኛ አይደለም። ስለ ናሙና መጠን አንድ ነገር፦ እውነተኛው መጥፋት 1% ቢሆን በ100 ፒንግ ምንም ሳይጠፋ የማለፍ ዕድሉ 37% ገደማ ነው። ለትንሽ መጥፋት 1,000 ይላክ።

2% ትንሽ ይመስላል። በተለመደው የቲሲፒ ስሌት የአንድ ማውረድ ፍጥነት ከደርሶ መልስ ጊዜውና ከመጥፋቱ ካሬ ሥር ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። የማታው መዘግየት ሲታከል መድረሻው ወደ 167 ሚሊ ሰከንድ ስለሚሆን በ2% መጥፋት 0.6 ሜጋ ቢት ገደማ ብቻ ይገኛል፤ በያው መጥፋት አዲስ አበባ ካለ አገልጋይ፣ በ51 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ 2 ሜጋ ቢት ገደማ ይገኛል። የአገር ውስጡ እየከፈተ የውጭው የሚቆመው ለዚህ ነው።

ትሬስራውት የሚያሳየው የመሄጃውን ራውተሮች ነው፤ ጊዜው ግን የደርሶ መልስ ነው፣ መመለሻውም ሌላ መንገድ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ሲሄድ ይሁን ሲመለስ ለመለየት አዲስ አበባ ካለው የተቋሙ ቢሮ ወደ እኛ ትሬስራውት ተሠራ፤ ከዚያም አይፐርፍ በተባለ የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም በዩ-ዲ-ፒ 2 ሜጋ ቢት ለ60 ሰከንድ በየአቅጣጫው ተላከ። ከእኛ ወደ እነሱ 0%፣ ከእነሱ ወደ እኛ 2%። የሞላው ወደ ደብረ ማርቆስ የሚገባው በኩል ነው። ይህን ማድረግ የተቻለው ቋሚ አድራሻ ስላለን ነው። ሆፕ 2 ላይ ከ100.64 እስከ 100.127 የሚጀምር አድራሻ የሚያይ ሰው በጋራ አድራሻ (ብዙ ደንበኛ በአንድ የሕዝብ አድራሻ) ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ከውጭ ወደሱ ትሬስራውት አይደርስም።

ለመስመር ሰጪው የተላከው ደብዳቤ አጭር ነው። የደንበኛ ቁጥርና የሕዝብ አድራሻ፤ ጤነኛውና የማታው ዝርዝር ጎን ለጎን፤ ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ማታ 1 ሰዓት ማለት 19:00፣ 4 ሰዓት ማለት 22:00 ተብሎ፤ የሁለቱ አቅጣጫ ልኬት፤ እና ፍተሻው ላፕቶፑ ብቻውን ራውተሩ ላይ ተሰክቶ መሠራቱ። «ኔትወርክ ይጠፋል» የሚለው ቃል ውስጡ የለም፤ እንዲያ የተባለለት ሁሉ «ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት» ተብሎ ይመለሳልና።

የሚቀጥለው ሰኞ

ከመስመር ሰጪው ቴክኒሻን ተደወለ፤ ሆፕ 2 እና 3ን የሚያገናኘው መስመራቸው በማታ እንደሚሞላ አይተው ትራፊኩን ወደ ሌላ ፖርት አካፍለዋል። ማታ 2 ሰዓት ላይ 1,000 ፒንግ ተላከ፤ ሆፕ 3 5.1 ሚሊ ሰከንድ፣ መድረሻው 127፣ የጠፋ የለም። ሁለተኛው ግቢ በነፋስ ሰዓት -57 ላይ ቆሟል። ዝርዝሩ አዲሱ ጤነኛ መለኪያ ሆኖ ተመዝግቧል። የቀረው ሰኔ ሳይገባ የምሰሶውን የመብረቅ መሬት ግንኙነት መፈተሽና የማጠንከሪያ ሽቦዎቹን ዳግም መወጠር ነው፤ አዲስ የተወጠረ ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይላላል።